«ማን ፈቀደልሽ?»

ውድ ወንድምና እህቶች፣ ዛሬ ስለ መንግሥት ሠራተኛ እናውጋ። ብዙዎቻችሁ ተመርቃችሁ ቅጥር የምትጠብቁ ናችሁና ጉዳዩ የናንተው ነው።

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የለውጥ ዓይነት ሞልቷል። ቢፒአር መጣ፣ ውጤት ተኮር መጣ፣ ካይዘን መጣ። ሁሉም ከላይ የወረዱ ናቸው። ሠራተኛው ሠለጠነ፣ አበሉን ፈርሞ ወሰደ፣ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ካይዘንን ልብ እንበል። የጃፓንኛ ቃል ነው፤ በጎ ለውጥ ማለት ነው። በጃፓን ድጋፍ መጀመሪያ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሥሩ ግን መደርደሪያ ላይ ስም መለጠፍ አይደለም። ሥራው የቱ ጋ እንደሚንጓተት ከአለቃው ይልቅ ሠሪው ያውቃል የሚል ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ሠራተኞቹ የማሻሻያ ሐሳብ እንዲያቀርቡ ያበረታታል፤ ይሸልማልም። እኛ ሥልጠናውን ወስደን መጠየቁን ተውነው።

እዚሁ ማክሰኝት ያየነውን እንንገራችሁ። ለጉዳይ አንድ ቢሮ ስንመላለስ፣ ከገጠር በእግራቸው የመጡ አባት «ፎቶ ጎድሏል» ተብለው ተመለሱ። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ጎደላቸው። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ይህን አይታ የሚያስፈልገውን ሁሉ በእጇ ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈች። ማንበብ ለማይችሉትም ጠዋት ጠዋት እየወጣች ለተሰለፈው ሰው ትናገር ጀመር። ወጪው አንድ ወረቀት ነው። በሳምንቱ ወረቀቱ የለም። ብንጠይቃት «ማን ፈቀደልሽ ተባልኩ» አለችን። ከዚያ ወዲያ ተራ ብቻ ትጠራለች።

ወገኖች፣ የተቀደደው ወረቀቱ ብቻ አይደለም። አጠገቧ ያሉትም ትምህርት ወስደዋል። ሞክሮ የተሳሳተ ግምገማ ላይ ይነሳል፤ ዝም ያለ ደመወዙ አይቀርበትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ይቀመጣሉ። ዋጋውን የሚከፍሉት እኚያ አባት ናቸው።

በ2017 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የብዙ ተቋማትን ጉዳይ አንድ ጣሪያ ሥር አምጥቷል፤ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰው የታዘበውን ለመናገር ከፈራ፣ አዲስ ሕንፃና ኮምፒውተር ብቻውን አይበቃም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ኃላፊዎች በወር አንድ ቀን ሠራተኛውን «ባለጉዳይን የሚያመላልሰው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ጥሩውን ሐሳብ ለአንድ ወር ይሞክሩት። ካልሠራ ይተው፤ ማንም አይጠየቅበት። ከሠራ ግን በአመንጪው ስም ይመዝገብ፣ ለደረጃ እድገቱም ይታይለት።

እኛ ባለጉዳዮችም ስንበደል መጮህ እናውቃለን። ሲቀናልን ደግሞ አስተያየት መስጫው መዝገብ ላይ እናመስግን፤ ያቺ አንዲት መስመር ለሠራተኛዋ ጋሻ ትሆናታለች።

እናንተም ነገ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ሥራው አማና መሆኑን አትርሱ። አለቃ ስትሆኑ ደግሞ «ማን ፈቀደልሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን አይተሽ ነው?» በሉ።