ዋሽንት ለቅዳሜ ከሰዓት
ዋሽንት የእረኛ ነው፣ ሜዳ እንጂ አዳራሽ አያምርበትም የሚሉ አሉ። እኔ ግን ፒያሳ ላይ ዋሽንተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገናኙበት ክፍል ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እኮ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት ዋሽንትን ከክራርና ከማሲንቆ ጋር መድረክ አውጥቶታል። አየርላንዶችም በክርናቸው ወናፍ እየገፉ የሚጫወቱት መሣሪያቸው ሊጠፋ ሲል እ.ኤ.አ. በ1968 ማኅበር አቋቁመው፣ እየተሰበሰቡ አተረፉት።

ድምፁ ቀጭን ነው፣ ይዋጣል ይባላል። እውነት ነው፤ ትንሽ ክፍል ማለቴም ለዚሁ ነው። ደግሞ የባለ አራት ቀዳዳው ሸንበቆ ድምፅ በርዝመቱ ስለሚወሰን ነፊው ረጅም አጭሩን ደርድሮ ይይዛል፤ የትኛው መቼ እንደሚመዘዝ ጀማሪ የሚማረው ከአዋቂ ጎን ተቀምጦ ነው። በ2007 ዓ.ም. ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል በውስጡ የነበረው የሙዚቃ ቤት ጃዝ አምባም አብሮ ሄደ፣ ታዲያ ቦታው የት አለ? ዋሽንት መብራትም ማጉያም አይጠይቅም፤ ከምሳ በኋላ ጭር የሚል ቡና ቤት ይበቃዋል።