ከሰበታ ለፈረንሳይ ምሳ

ከልጅ ልጃችን ጋር ከሰበታ ተነሥተን በዓለም ገና፣ በአየር ጤና አድርገን ለገሃር ወረድን። ልጃችን የፈረንሳይ ምሳ ልትጋብዘን ቀጥራናለች። የለገሃር ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ የጅቡቲው ባቡር እዚህ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የአዲሱ ባቡር ሐዲድ ግን የሚነሣው ከእኛው ሰበታ ነው!

ምሳው በአንድ ዋጋ ሦስት ሳህን ነው፤ በየተራ ይመጣል። ፈረንሳዮች የአበላል ወጋቸውን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ አስመዝግበውታል። መጀመሪያ አይብ የቀለጠበት የሽንኩርት ሾርባ ቀረበ። ከዚያ ጥበቃ። ባለቤቴ ስኳር ስላለበት ዓይኔ ከሰዓቱ አልተነቀለም። ኢንሱሊን የሚወጋ ወላጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ምግቡ መቼ እንደሚቀርብ ሳትጠይቁ መርፌው አይወጋ፤ ዳቦውም ከአጠገቡ አይራቅ። ቀስ ብሎ መብላቱን ግን ወድጄዋለሁ፤ እኛ ቤት ትሪው በአሥር ደቂቃ ባዶ ነው።

ቀጥሎ በወይን ጠጅ የተሠራ ዶሮ መጣ። ባለቤቴ በሹካ አገላብጦ አየና «እንቁላሏስ?» አለ። አስተናጋጁ ሳቀ። ሥጋው ለስልሶ ከአጥንቱ ይለቃል፤ ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ የተሠራ ይመስላል። በርበሬ ግን አማረኝ።

በመጨረሻ ክሬም ካራሜል ቀረበ። ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሁለት ማንኪያ ፈቀድኩለት፤ የቀረውን የልጅ ልጃችን ጠረገችው።