የጥብጣቡን መንገድ መከተል

ተማሪዎች ሆይ፣ ዳንቴል ሲባል አብዛኞቻችሁ የምታስታውሱት በኪሮሽ የሚሠራውን የጠረጴዛ ልብስ ይሆናል። በአውሮፓ ግን ሌላም አሠራር አለ። ሠሪዋ ክር የተጠነጠነባቸውን ትናንሽ የእንጨት ዘንጎች ጥንድ ጥንድ አድርጋ እያጠላለፈች፣ በትራስ ላይ በተተከሉ ስፒሎች መካከል ቀጭን ጥብጣብ ትሠራለች። ጥብጣቡ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ጎኑ ከጎኑ ሲገናኝም በመንጠቆ ይያያዛል። በዚህ ዓይነት አበባና ሐረግ ይሆናል።

ታዲያ የአንዱን አገር ሥራ ከሌላው እንዴት እንለያለን? ብዙ ሰው አበባውን አይቶ ይፈርዳል። እኔ ግን በአበባው አልታመንም፤ ንድፍ ከአገር አገር ይዞራልና። እኔ የምከተለው የጥብጣቡን መንገድ ነው። ስፋቱ እኩል ነውን? በውስጡ ምን ጌጥ አለ? ክፍተቱስ በምን ተሞላ?

በ17ኛው መቶ ዓመት በኢጣሊያ የታወቀው የሚላኖ ዳንቴል ጥብጣቡ ራሱ በልዩ ልዩ ቀዳዳዎች ያጌጠ ነው፤ ክፍተቱም ብዙ ጊዜ በመረብ ይሞላል። በሩሲያ የቮሎግዳ ዳንቴል ጥብጣቡ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ስፋቱን ሳይለውጥ እንደ ወንዝ እየተጠማዘዘ ይፈስሳል፤ ከሳሳው መረብም ላይ ጎልቶ ይታያል። በስሎቬኒያ የኢድሪያ ዳንቴል ደግሞ በጥቂት ጥንዶች በሚሠራ ጠባብ ጥብጣብ ይታወቃል።

ይህን መለየት ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። ኢድሪያ ባዚቃ ወይም ሜርኩሪ የሚባለው ማዕድን ይወጣባት የነበረች ከተማ ናት። የማዕድን ቆፋሪዎቹ ሚስቶችና ሴቶች ልጆች ዳንቴል እየሠሩ የቤታቸውን ገቢ ይደግፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 የተከፈተው የዳንቴል ትምህርት ቤትም እስከ ዛሬ ያስተምራል። እነዚያ ሴቶች በሥራቸው ላይ ስማቸውን አልጻፉም፤ የሚመሰክርላቸው አሠራሩ ነው። ስለዚህ ጥብጣቡን ሳይመረምር «ይህ የሚላኖ ነው» የሚል ሰው፣ የእነርሱን ድካም ለሌላ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ምስክሩ ከተናገረው በላይ አንጨምርበት። ዛሬ በሚላኖ ስልት የሚሠሩ ሰዎች በሌሎች አገሮችም አሉ። ስልቱን ማወቅ የተሠራበትን ቦታ ማወቅ አይደለም። ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ «በሚላኖ ተሠራ» ከማለት «በሚላኖ ስልት ተሠራ» ማለት ይሻላል። እናንተም ስለ አንድ ነገር ስትጽፉ ያያችሁትን አስቀድሙ፤ የገመታችሁትን አስከትሉ፤ ሁለቱን ግን አትቀላቅሉ።