የኔልስፕሩቷ ሪጎሬ

ዋግ፣ ሰቆጣ ውስጥ የኳስ ክርክር ከተነሣ መጨረሻው የብሔራዊ ቡድናችን አጥቂ የነበረው ሳላዲን ሰይድ ላይ ነው። አንዱ «ኮከብ የሚለየው በጭንቅ ሰዓት ነው፤ እሱ ግን ሳተ» ይላል። ሌላው «ሱዳንን ማን ጣለልህ ታዲያ?» ብሎ አፉን ያስይዘዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

የሱዳኑን እናስቀድም። ጳጉሜን 2004 ዓ.ም. ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ተመልሰናል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ሁለት ጎል ማግባት፣ አንድም አለማስገባት ነበረብን። አዳነ ግርማ አንዱን አገባ፤ ሁለተኛዋን ሳላዲን ጨመረ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳችን ውጭ ባገባናቸው ጎሎች አለፍን። ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ! ስለዚህ «ሳላዲን በወሳኝ ሰዓት ይጠፋል» የሚል ሰው እኔ ፊት ባይናገር ይሻለዋል።

ግን ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. አለች።

ዕለቱ ሰኞ ነው፤ የቃና ዘገሊላ ማግስት። ታቦታቱ መንበራቸው ገብተዋል፤ ከበዓሉ የተረፈው ጠላ ግን ገና አላለቀም። ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ የገጠመችን ዛምቢያ ያለፈው ዓመት ዋንጫ ባለቤት ነበረች። ዋልያዎቹ ሳይፈሯት ገቡ። (ዋልያ ከእኛ ከተከዜ ማዶ፣ ሰሜን ተራሮች ላይ የሚኖር እንስሳ ነውና ዋጎች ስሙን ሲሰሙ እንደ ጎረቤት ነው የሚያዩት።) በመጀመሪያው አጋማሽ ሪጎሬ ተሰጠን። ኳሷን ሳላዲን አስቀመጠ። ማን ሊያስቀምጣት ኖሯል? ሀገሪቱ በሙሉ የቆመችው በእሱ እግር ላይ ነበር። መታ፤ በረኛው ኬኔዲ ሙዊኔ መለሰው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ትርምስ ነው። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ስታዲየም የገቡት በስደት ያሉ ወገኖቻችን በብስጭት ጠርሙስና ቩቩዜላ ወደ ሜዳ ወረወሩ፤ ኮሊንስ ምቤሱማ አገባብን። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። 1 ለ 1፣ በ10 ሰው፣ ከሻምፒዮን ጋር። ያን ማታ ጨፈርን እንጂ አልተቆጨንም፤ ቁጭቱ የመጣው ሒሳቡ ሲሠራ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ያቺ ሪጎሬ ገብታ 2 ለ 1 ብናሸንፍ ኖሮ 3 ነጥብ ይዘናል። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ትርገጠን፣ ግድ የለም። ናይጄሪያ ከቡርኪናም ከዛምቢያም ጋር አቻ ወጥታ ከእኛ ጋር ወደነበራት የምድቡ መጨረሻ ጨዋታ የመጣችው 2 ነጥብ ይዛ ነው። ያኔ ሩስተንበርግ ላይ አቻ መውጣት ብቻ ይበቃን ነበር፤ እኛ 4፣ ናይጄሪያ 3። አቻው ደግሞ በእጃችን ነበር፤ ጨዋታው ሊያልቅ 10 ደቂቃ ያህል እስኪቀር 0 ለ 0 ነበርን። ግን ያለን 1 ነጥብ ስለነበር ማሸነፍ ግድ ሆነብን፤ በመጨረሻው ላይ ቪክቶር ሞሰስ ሁለት ሪጎሬ አከታትሎ አገባና አበቃ። ከምድቡ ልትወድቅ ጫፍ ደርሳ የነበረችው ያቺው ናይጄሪያ ዋንጫውን ወሰደች። ፍጻሜውን የገጠመቻትም ከእኛው ምድብ የወጣችው ቡርኪና ፋሶ ናት። የእኛን ሪጎሬ የመለሰው ሙዊኔም ከአራት ቀን በኋላ ናይጄሪያ ላይ ራሱ ሪጎሬ መቶ አገባ። በረኛ!

ናይጄሪያ ከዚያ በኋላም አልለቀቀችንም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ በደርሶ መልስ ስንገጥማት፣ አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ቀድሞ አገባ። የዓለም ዋንጫ! መሪነቱን መያዝ አቃተን፤ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለት አገባ፣ ሁለተኛዋን በ90ኛው ደቂቃ በሪጎሬ። ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተጨመረልን።

እኔ ሳላዲንን አልከስም። ሪጎሬ የሚስተው ለመምታት የደፈረ ነው፤ ሱዳን ላይ የከፈለልንን ማንም አይፍቀውም። የሚቆጨኝ አንድ ሰው ሲስት አብረን የሳትን መሆናችን ነው። ያ ትውልድ ሜዳ ላይ ሳለ ከኋላው የሚተካው ሁለተኛና ሦስተኛ ሳላዲን ሊዘጋጅ ይገባ ነበር። የመጀመሪያው ሲያረጅ ግን ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብን።

ስንመለስም ለዋግ ሰው ሰዓቱ አልነበረም። ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ካሜሩን፣ ባፉሳም ላይ ጌታነህ ከበደ ቡርኪና ፋሶ ላይ ሪጎሬ አገባ። ሳይንቀጠቀጥ። ሰቆጣ ያኔ ከጦርነት እጅ ከወጣች ገና ሳምንታት ነበሩ፤ የአበርገሌና የፃግብጂ ሰው ቀዬውን ጥሎ ተፈናቅሎ ነበር። ያቺን ጎል አይቶ የሚጮህ ልብ ከየት ይምጣ? ልብ በነበረን ሰዓት ሪጎሬዋ ተመለሰች፤ ሪጎሬዋ በገባች ሰዓት ልባችን ሌላ ቦታ ነበር። ያም ጨዋታ 1 ለ 1 አለቀ።

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈችው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ላይ፣ ኡጋንዳን፣ 2 ለ 0።