ኳሷ የት ገባች?

መርጡለ ማርያም ላይ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ዳንቴል የሚለብስ ኮምፒውተር አለ። ባለቤቲቱ ማታ ስትዘጋ ሲፒዩውን በዳንቴል፣ ሞኒተሩን በነጠላ ቁራጭ ትሸፍናለች፤ የበጋው አቧራ ምሕረት የለውም። ጠዋት ሲከፈት ሥራው የታወቀ ነው፦ ማመልከቻ፣ የእድር ደንብ፣ የኪራይ ውል፣ የሠርግ መጥሪያ። ባለጉዳይ ሲጠፋ ደግሞ ፒንቦል ይከፈታል። ብረቷ ኳስ ትወረወራለች፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ባለቤቲቱም ኳሷ ወደ ጉድጓዱ እንዳትገባ በሁለት ጣቷ ትታገላለች። የኪቦርዱ የ"ዘ" ቁልፍ ፊደሏ ተፋቆ ጠፍቷል። ዘመድና ዘር በመጻፍ ብቻ እንዲህ አይፋቅም፤ የግራዋ መምቻ እሷ ናት።

ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ፣ ማይክሮሶፍት ከመጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ጥገናውን ያቆመለት። ኤክስፒ ግን ቁርጡን ሳያውቅ ዓመታት ሠራ። የጣለው አዲስ ፕሪንተር ነው። ፕሪንተሩ ለኤክስፒ የሚሆን ድራይቨር አልነበረውም፤ የተጠራው ቴክኒሻንም ልጅ እግር ነውና "እትዬ፣ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም" አለ። ዶክመንቶቹን ወደ ፍላሽ ገለበጠ፣ ዊንዶውስ 10 ጫነ፣ ፕሪንተሩን አገናኘ። የሙከራ ወረቀቱ ጥርት ብሎ ወጣ። ባለቤቲቱ ከምሳ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና አይጧን እያንቀሳቀሰች ጠየቀች።

"ኳሷ የት ገባች?"

"የትኛዋ ኳስ?"

"የጌሟ ናታ!"

"እትዬ፣ እሷ እኮ ከኤክስፒ ጋር ነው የምትመጣው። እዚህኛው ላይ የለችም።"

"ታዲያ ሳትነግረኝ ነው የምታጠፋት አንተ ልጅ?"

ይህ ክርክር በየከተማው፣ ፎርማት በተደረገ ኮምፒውተር ሁሉ ፊት የሚደረግ ነው። ፎርማት የሚያደርጉት ለፎቶ ይጠነቀቃሉ፣ ለፋይል ይጠነቀቃሉ፤ ጌሙን ግን ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ ግድግዳ አድርገው ስለሚያዩት ማንም አያስበውም።

የጌሟ ስም "ስፔስ ካዴት" ነው። ሲኒማትሮኒክስ የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ሠራት፤ ማይክሮሶፍትም ከዊንዶውስ ጋር ያድላት ጀመር፤ እስከ ኤክስፒም ዘለቀች። እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ላይ በዋለው ቪስታ ግን የለችም። ለምን እንደቀረች የማይክሮሶፍቱ አንጋፋ ፕሮግራመር ሬይመንድ ቼን እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፏል። ዊንዶውስን ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት ሲያሻግሩ ኳሷ መንካት ያለባትን ሳትነካ ታልፍ ጀመር። ገና ስትጀምር ከማስወንጨፊያው ላይ እንደ ጥላ አልፋ ከታች ትሰወራለች። ኮዱ የሌላ ድርጅት እጅ ሥራ ነው፤ ማብራሪያ የሚባል ነገር እምብዛም አልተጻፈበትም። ፈለጉ፣ አላገኙትም። ሌላ በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር ኮድ የሚያሻግሩ ሰዎች ለአንዲት ኳስ ጊዜ ስላልነበራቸው ትተዋት ሄዱ። ባለቤቲቱ የጠየቀችው ጥያቄ ቃል በቃል የእነሱም ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

ፍላሹ ውስጥ ሌላም ተገኘ። ልጇ ተማሪ ሳለ ካስቀመጣቸው ነገሮች መሐል "ፕሪንስ" ነበር፤ ጆርዳን ሜክነር እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ። ነጭ ለባሹ ልዑል በ60 ደቂቃ ከምድር ቤት ወጥቶ ልዕልቲቱን ካላዳነ ያበቃለታል። ቴክኒሻኑ ሁለቴ ሲጫነው ዊንዶውስ 10 ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም የሚል ሰማያዊ ሳጥን አወጣ። ቴክኒሻኑ ፋይሉ ቫይረስ የበላው መስሎት ሊያጠፋው ነበር።

ፋይሉ ጤነኛ ነው። ፕሪንስ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የዶስ ሰው ነው፣ ባለ 16 ቢት። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ እንዲህ ያሉትን የሚያስተናግድበት ጓዳ ነበረው፤ ባለ 64 ቢቱ ግን ፕሮሰሰሩ ራሱ በዚያ አሠራር ላይ ሲሆን የድሮው በር ስለሚዘጋ ጓዳውን ሳይሠራው ቀረ። የመሪጌታ ልጅ ሁሉ ቅኔ እንደማይዘርፍ፣ የዊንዶውስ ልጅም ሁሉ ዶስ አያነብም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ቴክኒሻኖቻችን 2 ጊጋባይት ራም ላለው አሮጌ ማሽን ሳይቀር በልማድ 64 ቢት ይጭናሉ። የ64 ቢት ዋና ጥቅሙ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም ማየቱ ነው፤ 2 ላለው ማሽን ምን ይጨምርለታል? ዊንዶውስ 10 እኮ ባለ 32 ቢትም አለው፤ የቀረው በዊንዶውስ 11 ነው። ባለ 32 ቢቱ ቢጫን ኖሮ የዚያ ዘመን ባለ 16 ቢት የዊንዶውስ ጌሞችና ሴታፖች ይነሡ ነበር።

ለፕሪንስ ግን መድኃኒቱ ሌላ ነው። ዶስቦክስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ነፃ ፕሮግራም ነው። መጫኛው 2 ሜጋባይት ስለማይሞላ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ይላካል። ሥራው አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር አስመስሎ መትከል ነው። በግዕዝ መርጡል ማለት ድንኳን፣ አዳራሽ ነው፤ የከተማዋ ስም ከዚያ ነው። ዶስቦክስም እንዲያ ነው፤ በሌላ ሰው ግቢ የተተከለ ድንኳን፣ ልዑሉም በውስጡ የራሱ ዘመን ላይ ይሮጣል። ሩጫው ከፈጠነበት ኮንትሮልን ይዞ ኤፍ11 መጫን ያረጋጋዋል፤ ከዘገየ ኤፍ12። ከዶስ ጌሞች ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን የሚቀዱት ከሰዓት ሳይሆን ከፕሮሰሰሩ ነበርና ይህ ማስተካከያ ቅንጦት አይደለም።

እዚያው ፍላሽ ውስጥ የነበረው ጂቲኤ ቫይስ ሲቲ ደግሞ ማንንም ሳያስቸግር ተከፈተ። ለዚህ የሚመሰገነው ማን እንደሆነ መናገር ያሳፍራል። እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መጨረሻና የ2000ዎቹ ብዙ የፒሲ ጌሞች ኦሪጅናል ሲዲው መኖሩን የሚመረምር ቁልፍ ነበራቸው፤ ከታወቁት አንዱ ሴፍዲስክ ነው። ይህ ቁልፍ በዊንዶውስ ሆድ ውስጥ ድራይቨር አስቀምጦ ነበር የሚሠራው፤ ድራይቨሩ ለሰርጎ ገብ እንደሚያጋልጥ ስለታወቀ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 በዊንዶውስ 10 ላይ አላስገባም አለ። ስለዚህ ለንደን ውስጥ ገንዘቡን ከፍሎ ኦሪጅናል ሲዲ የገዛው ሰው ጌሙ አልከፈት ሲለው፣ ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ቁልፉ የተሰበረውን፣ ከፍላሽ የገለበጠው የጎጃም ልጅ ያለ ችግር ይጫወታል። ሠሪዎቹ ከኛ አገር ሳንቲም አለማግኘታቸው የሚያኮራ አይደለም። ክራክም ቢሆን ያለ ዋጋ አይደለም፤ አዲሱ ዊንዶውስ ከነአንቲቫይረሱ ስለሚመጣ ትናንት የተጫወቱበትን ፋይል ዛሬ ድምፁን አጥፍቶ ይበላዋል፣ አንዳንዴም እውነቱን ነው፣ ውስጡ ቫይረስ አለበት።

ከዚህ ሁሉ አስገራሚው የጂቲኤ ሳን አንድሪያስ አውሮፕላን ታሪክ ነው። ሳን አንድሪያስ ለፒሲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ውስጡ ስኪመር የምትባል ውኃ ላይ የምታርፍ አውሮፕላን አለች። እ.ኤ.አ. በ2024 መኸር ላይ 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ ሲወጣ፣ የጫኑት ሰዎች ስኪመር ከጌሙ ጠፋች ብለው አመለከቱ። ሰው ሁሉ ማይክሮሶፍትን ወቀሰ። የድሮ ጌሞችን በመጠገን የሚታወቀው ሳይለንት የሚባል ፕሮግራመር ግን ቁጭ ብሎ መረመረና እ.ኤ.አ. በ2025 ያገኘውን አወጣ። ጥፋቱ የጌሙ ነበር፤ 20 ዓመት የኖረ ጥፋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌሙ ሲነሣ የተሽከርካሪዎቹን ዝርዝር ከአንድ የጽሑፍ ፋይል ያነባል፤ በየመስመሩ ስም፣ ዓይነት፣ የጎማ መጠን ተጽፏል። ስኪመር በቀደመው በቫይስ ሲቲ የተመዘገበችው በጀልባነት ነበር፤ ጀልባ ጎማ የለውምና የጎማ መጠን አልተጻፈላትም። ሳን አንድሪያስ ላይ አውሮፕላን ብለው ሲያዛውሯት የጎማዋን ቁጥር መጨመር ረሱ። ጌሙም ያንን ክፍት ቦታ ሲያነብ ምንም ስላላገኘ በሜሞሪው ላይ ቀድሞ የነበረውን ቁጥር ይወስዳል። ቀድሞ የነበረው ደግሞ ከእሷ በላይ ባለው መስመር የተጻፈው የአንድ ቫን ጎማ ነው፤ 0.7። ስኪመር 20 ዓመት ሙሉ የበረረችው በጎረቤት ጎማ ነው። ማንም አላወቀም፣ ማንም አልጠየቀም። 24ኤች2 ላይ ዊንዶውስ የውስጥ ሥራውን ሲያሻሽል በሁለቱ ንባቦች መሐል ያንኑ የሜሞሪ ቦታ ለራሱ ተጠቀመበት። ይህ ሙሉ መብቱ ነው። የቫኑ ጎማ ተሰረዘ፣ በምትኩ ትርጉም የሌለው ግዙፍ ቁጥር ተቀመጠ። አውሮፕላኗን በዘዴ አስጠርቶ የተሳፈረ ተጫዋች ከምድር 1 ተብሎ 31 ዜሮ በሚከተለው ሜትር ያህል ርቆ ተወረወረ። ጥገናው? ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቶ የጎደሉትን ቁጥሮች መጻፍ።

ሌላም አለ፤ ይኸኛው በተቃራኒው የዊንዶውስን ትሕትና ያሳያል። ሲምሲቲ የተባለው ከተማ የመገንቢያ ጌም የተጠቀመበትን ሜሞሪ መለስኩ ብሎ ከዚያ በኋላም ያነበው ነበር፤ ቤቱን አስረክቦ ቁልፉን ያልመለሰ ተከራይ በሉት። በዊንዶውስ 3 ዘመን ቤቱ ወዲያው ሌላ ሰው ስለማይገባበት አልታወቀም። ዊንዶውስ 95 ላይ ሊወድቅ ሲሆን የማይክሮሶፍት ሰዎች ጌሙን ከመውቀስ ይልቅ ሲምሲቲ መከፈቱን የሚያይ ኮድ ጨመሩ፤ እሱ ከተከፈተ የተመለሰ ሜሞሪ ለሌላ አይሰጥም። ደንበኛ ጌሙ ሲበላሽ የሚረግመው አዲሱን ዊንዶውስ መሆኑን ያውቁ ነበር። ባለቤቲቱም የረገመችው ሲኒማትሮኒክስን አልነበረም።

እንዲህ ያለው ነገር የጌም ብቻ እንዳይመስል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈው የ1990ዎቹ ማመልከቻ ሁሉ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት በፈረንጅ ፊደልና በምልክት ተዘበራርቆ ይታያል። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል የጨመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ብዙው ጸሐፊ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በፓወር ግዕዝና በቪዡዋል ግዕዝ ፎንቶች ጽፏል። ቴክኒሻኑ ይህን ያውቃል። የድሮ ፎንቶቹን በፍላሹ ይዞ ስለሚዞር የእድሩ ደንብ በደቂቃ ተነበበ። ለፊደል ይህን ያህል ከተሰናዳ ለኳሷ መሰናዳት ምን ያቅተው ነበር?

እንደ መርጡለ ማርያም ላለ ከተማ የድሮ ጌም ትዝታ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ በየጊዜው መስመር ላይ ካልገባሁ የሚለው የዘመኑ ጌም ሁሉ ዋጋ አልነበረውም። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞሩት፣ ማንንም ፈቃድ የማይጠይቁት አሮጌዎቹ ግን ይሠሩ ነበር። አሁን ደግሞ ዊንዶውስ 10 ራሱ ተራው ደርሷል፤ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና ከኢንቴል ቢያንስ የ8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ዳንቴል የሚለብሰው ማሽን ኮር ቱ ዱዎ ነው።

ቴክኒሻኑ በማግስቱ ጠዋት መጣ። ኤክስፒ ካለበት ከሌላ ቤት ኮምፒውተር ፒንቦል የሚለውን ፎልደር እንዳለ ገልብጦ አምጥቷል፤ 5 ሜጋባይት አይሞላም። ያቺ ጥንታዊት ጌም ባለ 32 ቢት ናት፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ ባለ 32 ቢቱን ሳያንገራግር ያስተናግዳል። ማይክሮሶፍትን ያቃተው እሷን ራሷን ወደ 64 መለወጥ እንጂ እንዳለች ማስኬድ አልነበረም። ትናንትም ፎርማት ከማድረጉ በፊት ፎልደሯን ቢገለብጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጦ ሁለቴ ተጫነው። ያው ሙዚቃ፣ ያው መብራት።

ባለቤቲቱ ሳትቀመጥ ሜኑውን ከፍታ የከፍተኛ ነጥቦቹን ሰንጠረዥ አወጣች። ባዶ ነው። አምስቱም መስመር።

"የልጄ ነጥብ የት አለ? አንደኛ እሱ ነበር እኮ። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ላልፈው ስል ነው።"

ቴክኒሻኑ ጭንቅላቱን አከከ። ነጥቦቹ በፎልደሩ ውስጥ አይቀመጡም፤ የሚቀመጡት የዊንዶውስ ሬጅስትሪ በሚባለው መዝገብ ውስጥ ነው። መዝገቡ ደግሞ ከኤክስፒው ጋር ትናንት ከሰዓት በፊት ፎርማት ተደርጓል። ይህን ሲያስረዳት ዝም ብላ ሰማችው። ከዚያ ወንበሯን ሳበች፣ ስፔሱን ተጭና ያዘች፣ ማስወንጨፊያው ወደ ታች ተሳበ።

በሩ ላይ አንድ አባት የተጣጠፈ ወረቀት ይዘው ቆመዋል።

"ይቀመጡ አባ፣ አንድ ጊዜ" አለቻቸው፣ ከሞኒተሩ ሳትነሣ።