ኪሎው አልወርድ ሲል፦ የአዲስ አበባው ሚዛንና የሜሪላንዱ

ውፍረት ለመቀነስ የተነሳ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚደርስበት ቦታ አለ። መጀመሪያ ኪሎው ደስ በሚል ፍጥነት ይወርዳል፤ ሱሪው ይሰፋል፣ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ይፈልጋል። ከዚያ በአንዱ ሳምንት ቀጥ ይላል። ምግቡ ያው፣ እርምጃው ያው፣ ሚዛኑ ግን ወይ ፍንክች! ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወራት። ብዙ ሰው ዳይቱን የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ረሃቡ ስለበረታበት ብቻ ሳይሆን ልፋቱ ከንቱ ስለመሰለው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እህቶቼና አብሮ አደጎቼ አዲስ አበባ ናቸው። በሁለቱም በኩል ኪሎ ለመቀነስ የሚታገል ሰው ሞልቷል፤ ኪሎው ሲቆም የሚያደርጉት ግን ለየቅል ነው። እዚህ ሰው ይደነግጣል፣ ምግቡን ይበልጥ ይቆርጣል፣ አዲስ አፕ ያወርዳል። እዚያ ብዙውን ጊዜ መቆሙን ልብ የሚለውም የለም። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት ሚዛኑ ራሱ ነው ባይ ነኝ፤ ሌላው ደግሞ የዓመቱ አቆጣጠር።

የመንገድ ዳር ሚዛንና የመታጠቢያ ቤት ሚዛን

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው የሚመዘነው መንገድ ላይ ነው። ሰው በሚበዛበት የእግረኛ መንገድ ዳር አንድ ልጅ ካርቶን ያነጥፍና ባለ መርፌ ሚዛኑን ያስቀምጣል። ጥቂት ብር ከፍሎ የሚወጣበት ሰው ቦርሳውን ለጓደኛው ያቀብላል፤ ጫማውን ግን አያወልቅም፣ ጃኬቱንም እንደዚሁ። ልጁ ጎንበስ ብሎ መርፌዋን ያይና ድምፁን ከፍ አድርጎ "ሰባ ስምንት!" ይላል። ጓደኛ ይስቃል፣ አላፊ አግዳሚው አስተያየት ይሰጣል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሰውየው ዳግመኛ የሚመዘነው ምናልባት ከወር በኋላ፣ በሌላ ሰፈር፣ በሌላ ልጅ ሚዛን፣ በሌላ ጫማ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አመዛዘን የአንድ ኪሎ ልዩነት ቢሰወር አይገርምም። እርግጥ ዛሬ ጂም የሚገባውና ቤቱ ሚዛን የገዛው የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት አይደለም፤ የመንገዱ ሚዛን ግን አሁንም ሥራ አልፈታም።

እዚህ ሚዛኑ ዲጂታል ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል። ሰው ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ፣ ልብሱን አውልቆ፣ በሩን ዘግቶ ብቻውን ይወጣበታል። ስልኩ ወዲያው መስመር ይስልለታል፤ መስመሩ ደግሞ ቁልቁል እንዲሄድ ይጠበቃል። በዚያ ላይ የሚቆጥረው በፓውንድ ነው። ማታ ጨው የበዛበት ወጥ የበላ ሰው ሰውነቱ አንድ ኪሎ ውሃ ቢይዝ፣ ጠዋት "ሁለት ፓውንድ ጨመርኩ" ብሎ ሥራ ይገባል። ስብ እንዲህ በአንድ ሌሊት አይጨምርም። ሚዛኑ አልዋሸም፤ የነገረን ግን የአንድ ሌሊት ውሃ ነው።

ሰው በሰው ላይ የሚሰጠው አስተያየትም የዚያኑ ያህል ይለያያል። አገር ቤት ክብደትሽን የሚከታተለው ጎረቤት ነው፤ "ምነው ከሳሽ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?" ሲል አሳቢነቱን፣ "ተመችቶሻል" ሲል ደግሞ ምርቃቱን እየገለጸ ነው። እዚህ የሥራ ባልደረባ ስለ ሰውነትሽ ትንፍሽ አይልም። ስለዚህ ኪሎው ሲቆም የሚያጽናናም የሚያሾፍም የለም፤ ሰውና ስልኩ ብቻ ይፋጠጣሉ።

ግን ለምን ይቆማል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ማይል ርቆ፣ ቤተዝዳ ላይ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ይገኛል። እዚያ ለዓመታት የሠሩት ኬቨን ሆል ይህንን ጥያቄ በቁጥር ካፍታቱት ተመራማሪዎች አንዱ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚወርደው ኪሎ ከፊሉ ውሃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው ግላይኮጅን፣ ማለትም ለክፉ ቀን የተከማቸው ስኳር፣ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ስንቀንስ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ። ያ ፍጥነት ባይቀጥል አይደንቅም።

ሁለተኛ፣ የቀነሰ ሰውነት የሚያቃጥለው ያንሳል። 90 ኪሎ የነበረ ሰው 78 ሲገባ ለመራመድም፣ ለመተኛትም የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል። ሰውነት ከዚህ አልፎ ይቆጥባል፦ በ1995 የታተመ የኒውዮርክ ተመራማሪዎች ጥናት 10 በመቶ ክብደታቸውን የቀነሱ ሰዎች በሰውነታቸው ልክ ከሚጠበቀው ባነሰ ጉልበት እንደሚኖሩ አሳይቷል።

ሦስተኛውና ከባዱ የምግብ ፍላጎት ነው። ሆልና ባልደረቦቻቸው በ2016 ባወጡት ስሌት፣ ለእያንዳንዱ የቀነሰ ኪሎ ሰውነት በቀን የሚያቃጥለው ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ገደማ ይወርዳል፤ የምግብ ፍላጎት ግን ወደ 100 ካሎሪ ይጨምራል። አሥር ኪሎ የቀነሰ ሰው ከበፊቱ በቀን 1,000 ካሎሪ የሚያህል ተጨማሪ ፍላጎት ተሸክሞ ይውላል ማለት ነው። ኪሎው የሚቆመው በወጪና በገቢ መካከል የነበረው ክፍተት ከሁለቱም በኩል ተዘግቶ ነው። ስንፍናም፣ እርግማንም አይደለም። ክብደት ለመቀነስ የሚወሰደውን መርፌ የሚወጉ ሰዎችም ከጊዜ በኋላ ኪሏቸው ይቆማል።

ጉርሻ ስንት ካሎሪ ነው?

እዚህ የመጀመሪያው ምክር "የምትበላውን መዝግብ" ነው። ምክሩ መሠረት አለው። በ1992 ኒውዮርክ ውስጥ፣ በጣም ትንሽ እየበሉ ኪሏቸው አልወርድ እንዳላቸው የሚናገሩ አሥር ሰዎች ሲመረመሩ፣ የሰውነታቸው ጉልበት አጠቃቀም ጤነኛ ነበር። የሚበሉትን ግን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን 51 በመቶ አብዝተው ነበር የተናገሩት። ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም፤ ሰው የበላውን በትክክል አያስታውስም።

ይህ ምክር የእኛ ገበታ ላይ ሲመጣ ግን ይደናቀፋል። ትሪው አንድ፣ እጁ አራት። እንጀራው በአፑ ውስጥ አንድ ቁጥር አለው፤ እናቴ አዲስ አበባ የምትጋግረው የጤፍ እንጀራና እዚህ ገብስ፣ ሩዝ ወይም ስንዴ ተቀይጦበት በፌስታል የሚሸጠው ግን በስፋትም በውፍረትም አይገናኙም። ጉርሻ ደግሞ አይመዘገብም፤ እንቢ ማለትም ነውር ነው።

ዋናው ምስጢር ግን ያለው ድስቱ ውስጥ ነው። አክስቴ ሽሮ ስትሠራ ዘይቱን ከጀሪካን የምታፈሰው በዓይኗ ለክታ ነው፤ ሽሮው ተንተክትኮ ሲወርድ ቀይ ዘይት ከላይ ያንሳፍፋል፣ ይህም የባለሙያነት ምልክት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ግን 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ለቤተሰብ በሚሠራ ድስት ላይ ስድስት ማንኪያ መጨመርና ሦስት ማንኪያ መጨመር በጣዕም ብዙም ላይለያይ ይችላል፤ በወር ሲደመር ግን ሚዛን ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ የእኛ ሰው እንጀራ ከመቁጠሩ በፊት ዘይት ቢለካ ይሻለዋል።

ሁዳዴና ፋሲካ፣ አሥራ ስድስት ሰዓትና ዶናት

እዚህ አሥራ ስድስት ሰዓት ሳይበሉ ቆይቶ በስምንት ሰዓት ውስጥ መመገብ ፋሽን ከሆነ ቆይቷል። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀንና የፍልሰታን ሁለት ሳምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሳይቀምስ ይቆያል፤ ሲበላም ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የለም። እርግጥ ጾም ለነፍስ እንጂ ለወገብ አልተሠራም፤ የንስሐ አባት ፊት "ኪሎ ልቀንስ ብዬ ነው" የሚል ያለ አይመስለኝም። ሰውነት ግን የሚደርስበትን ያውቃል።

አገር ቤት ጾም የብቻ ትግል አይደለም። ሉካንዳ ቤቱ ይዘጋል፣ ኬክ ቤቱ የጾም ኬክ ያወጣል፣ ቤት ውስጥም ሁሉም የሚበላው አንድ ዓይነት ነው። ፈቃደ ደካማውንም ከተማው ይዞት ይጾማል። ሜሪላንድ ላይ ዓርብ ጠዋት ሥራ ስትገቢ የዕረፍት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ የዶናት ካርቶን ተከፍቶ ይጠብቅሻል። የማታ ፈረቃ የሚሠራው ወገናችን ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት የትኛው እንደሆነ እንኳ ይምታታበታል፤ በሌሊት ይበላል፣ በቀን ይተኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን ይህ ነው፦ በጾሙ አቆጣጠር ሰውነት ሲወጣና ሲወርድ መኖሩ የታወቀ ነው። በሁዳዴ ቀለል ያለው ሰው በፋሲካ ዶሮ ወጥ መልሶ ቢሞላ "ከሸፍኩ" አይልም። ጾም አለ፣ ፍስክ አለ፣ ጾሙ ይመለሳል። የስልኩ መስመር ግን ፍስክ አያውቅም፤ አንድ ሳምንት ከቆመ ቀይ ምልክት ያወጣል። በአውስትራሊያ ከመጠን በላይ የወፈሩ 51 ወንዶች የተካፈሉበት አንድ ጥናት፣ ሁለት ሳምንት ቀንሰው ሁለት ሳምንት ኪሏቸውን ጠብቀው እየበሉ የተፈራረቁት ያለማቋረጥ ከቀነሱት የበለጠ ስብ እንዳጡ አሳይቷል። ሌላ ጥናት ይህን ያህል ልዩነት አላገኘም። በሁለቱም ግን ዕረፍት የወሰደው ሰው አልተጎዳም። ለእኔ በቂ ትምህርት ነው፦ ዕረፍት ጥፋት አይደለም።

አገር ቤት ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። በጾም ወቅት በያይነቱ በዘይት ተጥለቅልቆ፣ ለስላሳ ታክሎበት ሲበላ ሰው በጾሙም ይወፍራል። በየወሩ በተለያየ ሚዛን የሚመዘንም ሰው ቀስ እያለ አሥር ኪሎ ሲጨምር ሳያውቅ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከሁለቱም ወገን የሚጠቅመውን እንውሰድ። ከዚህኛው ሚዛኑን፦ በየቀኑ የምትመዘኑ ከሆነ የቀኑን ቁጥር ትታችሁ የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት ጋር አስተያዩ። አማካዩ ለአንድ ወር ያህል ካልተንቀሳቀሰ ያኔ ቆሟል በሉ፤ ከዚያ በፊት ውሃ ሊሆን ይችላል።

ሜትር ግዙ። ወገባችሁን በወር አንዴ ለኩ። ይህ ለእኛ ሰው በተለይ ይጠቅማል፤ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አኗኗር ሲቀየር የስኳር በሽታ ብዙ ሳይወፍሩም ይመጣል። የወገብ ስብ ከኪሎው በላይ ይናገራል፤ ኪሎው ቆሞም ወገብ ሊቀንስ ይችላል።

ምግብ በግማሽ አትቁረጡ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ክብደት በመቀነስ የተወዳደሩ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ሰውነታቸው በቀን ከሚጠበቀው 500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ያቃጥል ነበር፤ አብዛኞቹም ከቀነሱት ኪሎ ብዙውን መልሰውታል። ይልቅ ዘይቱን በማንኪያ ለኩ፣ ከእንጀራው ጥቂት ቀንሳችሁ ምስሩን፣ ሽምብራውንና ጎመኑን አብዙ። ጡንቻ እንዳይሟሽሽ በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት አንሱ ወይም ፑሽአፕና ስኳት ሥሩ። መስቀል አደባባይ ደረጃውን በማለዳ የሚወጡትና የሚወርዱት ሰዎች አንድም ማሽን የላቸውም።

ከዚያኛው ወገን ደግሞ አብሮነቱን፦ ብቻችሁን አትሁኑ። ዓርብን አብራችሁ የምትጾሙት፣ ቅዳሜን አብራችሁ የምትራመዱት ሰው ፈልጉ። ለስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ የምግብ ሰዓት ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ሳይበሉ መዋል ስኳርን አደገኛ እስኪሆን ሊያወርደው ይችላል።

በመጨረሻም የቆማችሁበትን ቦታ አትናቁት። በ2002 ውጤቱ የታተመው ታላቁ የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ከ3,200 በላይ ሰዎችን አካቷል። ምግባቸውን አስተካክለው በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱት በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። እነዚህ ሰዎች በአማካይ የቀነሱት 5.6 ኪሎ ብቻ ነው። እናንተ ስድስት ኪሎ ቀንሳችሁ ኪሎው ከቆመ፣ ትልቁን ሥራ ሠርታችኋል፤ የቀረው እዚያው መጽናት ነው።