ቅዳሜ ጠዋት በጃንሜዳ

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጃንሜዳ ሲደርሱ ሣሩ ላይ ገና ጤዛ አለ። ጥምቀት የሚከበርበት ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ወደዚህ ተዛውሮ፣ ቦታው በሽንኩርትና ቲማቲም ተሞልቶ ያየ ሰው አሁን ልጆች ሲሯሯጡበት ሲያይ ደስ ይለዋል።

እኛ የአንድ ሰፈር ወላጆች ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆኑ ልጆቻችንን ይዘን እንመጣለን። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ማልያና ሎጎ ነበር። ያስፈለገን ግን ሦስት ቁጥር ኳስ፣ ጥቂት ኮን፣ ውኃና ብዙ ትዕግሥት ነው። 4 ለ 4 እናጫውታለን፤ በረኛ የለም፣ ጎል አንቆጥርም። በዚህ ዕድሜ ሁሉም ኳሷን ተከትሎ እንደ ንብ ይተማል። «ቦታህን ያዝ!» እያለ የሚጮኸው አባት (አንዳንዴ እኔው ነኝ) ዳር ቢቀመጥ ይሻላል። ከ45 ደቂቃ በኋላ ማንም አይሰማንም፤ ብርቱካን እንልጣለን።

ባለፈው ወር ዳር ቆመው ከሚያዩን የአካባቢው ልጆች አንዱ፣ በነጠላ ጫማ፣ «ጋሼ፣ ልግባ?» አለኝ። ለኳስና ለኮን በየወሩ እናዋጣለን፤ ያልከፈለ ይግባ አይግባ ብለን ወላጆች ተከራከርን። እኔም ወዲያው «ግባ» አላልኩም፤ ያሳፍረኛል። እስከዚያ ቀን ሜዳ አልገባም ብሎ እግሬ ሥር ሲወሸቅ የነበረው ልጄ ግን ኳሷን ወደ ልጁ መታና ተከትሏት ሮጠ። ክርክሩ እዚያው ቀረ።

አሁን ከዳር የመጡት ሦስት ሆነዋል። ሁለተኛ ኳስ መግዛት አለብን።